የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራና የውሃው ኦክስጅን፦ ጉድለቱን መለካት፣ ምክንያቱን መለየት

የባሕር ወለል ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ሲወጣ በዙሪያው ያለው ውሃ ኦክስጅኑን ያጣል። መጠኑን መለካት በትዕግስት የሚሠራ ሰው የሚወጣው ሥራ ነው። ብዙ ጥናት የሚበላሸው ከዚያ በኋላ፣ ኦክስጅኑ በምን ምክንያት እንደጎደለ ሲጠየቅ ነው። አንድ መርማሪ ከእሳተ ገሞራው አፍ አጠገብ ውሃ ቀድቶ በኪሎግራም 130 ማይክሮሞል ኦክስጅን (ሞል የኬሚካል መጠን መለኪያ ነው፤ ማይክሮሞል የሞል ሚሊዮንኛ) ቢያገኝ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ያ ውሃ ከጥልቁ የተነሣና ድሮውንም ኦክስጅን ያነሰው ሊሆን ይችላል። ይህ መመሪያ ከናሙና አወሳሰዱ እስከ ስሌቱ ድረስ ያለውን ሥራ ያሳያል።

በደንብ የተጠና ምሳሌ የካናሪ ደሴቶቹ ኤል ሂየሮ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2011 ከላ ሬስቲንጋ መንደር በስተደቡብ የባሕሩ ወለል ፈነዳ፤ እስከ ማርች 2012ም ቀጠለ። በኋላ ታጎሮ የተባለው አዲሱ ተራራ ጫፉ ከባሕሩ ገጽ 88 ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ አደገ። በዚያ ወቅት የውሃው ሙቀት በአንዳንድ ቦታ ከወትሮው ወደ 19 ዲግሪ የሚጠጋ ጨመረ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) በ3 ገደማ ወረደ፣ ኦክስጅኑም በአንዳንድ ንጣፎች ጨርሶ ሊያልቅ ተቃረበ። ዓሣም በብዛት ሞተ። የስፔን የውቅያኖስ ጥናት ተቋም መርከቦች ለወራት እየተመላለሱ ስለለኩት ነው ዛሬ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ማየት የምንችለው።

ኦክስጅኑ በየት በየት ይሄዳል?

በብዛት የሚበላው ድኝ (ሰልፈር) ነው። አንድ ሞል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደ ሰልፌት ለመለወጥ ሁለት ሞል ኦክስጅን ይፈልጋል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግማሽ ሞል ብቻ ይበቃዋል። ከአለቱ የሚወጣው ገና ያልዛገ ብረት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ አንድ ሞል ኦክስጅን ለአራት ሞል ብረት ይበቃል። ውሃው በዝገት ቀለም ስለሚቀባ ብረቱ ዋናው ጥፋተኛ ይመስላል፣ ስሌቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድኙ ያመለክታል።

እነዚህ ምላሾች ፍጥነታቸው እኩል አይደለም። ፒኤቹ 8 አካባቢ በሆነ ሞቃት የባሕር ውሃ ያልዛገ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ግማሹ ይዝጋል። ነገር ግን ፒኤቹ በአንድ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ መቶ እጥፍ ይቀንሳል። እሳተ ገሞራው ያሳደገው አሲድነት ስለዚህ ብረቱን ሳይዝግ ሩቅ ያስጉዘዋል። ሰልፋይድም ግማሹ እስኪያልቅ በተለመደው የባሕር ውሃ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ የተነሣ ዝቅተኛው ኦክስጅን ሁልጊዜ አፉ አጠገብ አይገኝም። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ መበላቱ ስለሚቀጥል፣ ዝቅተኛው ነጥብ ፍሰቱ በሚሄድበት በኩል ብዙ ኪሎሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። አፉን ብቻ ለክቶ የሚመለስ ቡድን የጉዳቱን መካከል ሳያየው ይቀራል።

ሌላው መንገድ የአረፋ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ሲወጣ በውስጡ ኦክስጅን የለም፤ በዙሪያው ካለው ውሃ ኦክስጅኑን ስቦ ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል። ሙቀትስ? ብዙዎች "ውሃው ስለሞቀ ኦክስጅኑ ወጣ" ይላሉ። ገጹ ላይ እውነት ነው፤ ጨዋማነቱ 35 የሆነ ውሃ በ20 ዲግሪ በኪሎግራም ወደ 225 ማይክሮሞል ሲይዝ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ወደ 190 ነው። በ200 ሜትር ጥልቀት ግን ግፊቱ ከአየሩ 20 እጥፍ ስለሚበልጥ ውሃው ቢሞቅም ኦክስጅኑ በራሱ አረፋ ሆኖ አይወጣም። ሙቀቱ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ ውሃውን አቅልሎ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ የተነሣውም ውሃ ከታች ያለውን ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ጎትቶ ይወጣል። ይህ የተጎተተ ውሃ በስሌት ካልተለየ ሁሉም ጉድለት በእሳተ ገሞራው ጋዝ ይመካኛል።

ከመነሣታችሁ በፊት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1952 የጃፓኑ የምርምር መርከብ ካይዮ ማሩ ቁጥር 5 በምዮጂንሾ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ላይ ሳለ ፍንዳታ መታውና የተሳፈሩት 31 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከአፉ በቀጥታ በላይ መርከብ አይቆምም። ወደዚያ የሚላከው ሰው አልባ መሣሪያ ነው። የአገሩ ባለሥልጣን የከለለውን ክልል አክብሩ፣ ከነፋሱም በስተላይ ቁሙ።

ለእያንዳንዱ የመርከብ ወለል የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 ድርሻ) እንዲጮህ አስተካክሉት። በጋዙ ሽታ አትተማመኑ። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፣ ያኔ "ሽታው ጠፋ" የሚል ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ክፍሎች ይተኛል። በገጹ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይም ሌላ ሥጋት ነው፤ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከጃፓኑ ፉኩቶኩ ኦካኖባ የወጣው ድንጋይ ተንሳፍፎ ኦኪናዋ ደርሶ ወደቦችን ዘግቶ ነበር።

ኦክስጅኑን በኬሚካል ለመለካት የሚከተሉትን በየብስ ላይ አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ማንጋኒዝ ክሎራይድ ነው፤ አራት ውሃ ያለውን ጨው 600 ግራም በአንድ ሊትር አሟሙ። ሁለተኛው አልካላይን አዮዳይድ ነው፤ 320 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጀመሪያ ዕቃው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሟሟል፣ ከዚያ 600 ግራም ሶዲየም አዮዳይድ ተጨምሮ አንድ ሊትር ይሞላል። ይህ ድብልቅ በአሲድ ሲነካ ቢጫ ከመጣ ተበላሽቷል፤ ድፉት። ሦስተኛው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ 280 ሚሊ ሊትር ጥቅጥቅ አሲድ ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃ ጨምራችሁ አንድ ሊትር አድርሱ። አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲድ አይጨመርም። አራተኛው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ ወደ 50 ግራም በሊትር፣ ይህም 0.2 ሞላር (በሊትር 0.2 ሞል) ገደማ ነው። አምስተኛው መለኪያው ፖታሲየም አዮዴት ነው፤ በ120 ዲግሪ ደርቆ የቀዘቀዘ፣ 0.3567 ግራም በትክክል ተመዝኖ በአንድ ሊትር። የዚህ 10 ሚሊ ሊትር በትክክል 0.2 ሞላር የሆነ ታዮሰልፌት 0.500 ሚሊ ሊትር ሊጨርስ ይገባል። ታዮሰልፌት ከቀን ቀን ስለሚለወጥ ይህን ማመሳከሪያ በየቀኑ ሥሩ።

የኤሌክትሮኒክስ ዳሳሽ ካላችሁ ሁለት ነጥብ ላይ አስተካክሉት። ለዜሮው 5 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙና ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ ዳሳሹን ደጋግማችሁ እጠቡት። ለመቶ በመቶው በአሣ ማርቢያ ፓምፕ አየር የተነፋበት ውሃ ይበቃል። እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ደጋ ቦታ የሚነሣ ቡድን መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 760 ሄክቶፓስካል ነው፤ የባሕር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። የዚያን ቀን የባሮሜትር ንባብ ሳይገባ እንዲሁ "መቶ በመቶ" ተብሎ የተመዘገበ ዳሳሽ ጅቡቲ ሲወርድ አንድ ሦስተኛ ያህል አብዝቶ ያነባል።

ዳሳሽ ስትመርጡ የድኙን ነገር አስቡ። ስስ ሽፋን ያለው የኤሌክትሮድ ዓይነት በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይመረዛል፤ አንድ ጊዜ ወደ ውሃው ከወረደ በኋላ ንባቡ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በብርሃን የሚሠራው ኦፕቶድ በሰልፋይድ አይመረዝም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ እርሱን እንመርጣለን። ድክመቱ ዝግመት ነው፤ ተራው ዓይነት ለለውጡ ምላሽ ለመስጠት ወደ 25 ሰከንድ ይፈልጋል። ዳሳሹ የታሰረበትን ገመድ በሰከንድ 1 ሜትር ካወረዳችሁት ስስ የሆነች ኦክስጅን ያጣች ንጣፍ ሳትታይ ታልፋለች ወይም ወደ ታች ተንሸራታ ትመዘገባለች። በሰከንድ ከ0.3 እስከ 0.5 ሜትር አውርዱት፣ የመውረጃውንና የመውጫውን መስመር አመሳክሩ። ኦፕቶዱ ውስጥ የተመዘገበው ጨዋማነት ስንት እንደሆነም እዩ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ዜሮ ተሞልተው ይመጣሉ።

ናሙና መውሰድ

ከምንም በፊት ንጹሑን ውሃ ለኩ። ፍሰቱ ከሚመጣበት በኩል፣ እሳተ ገሞራው ካልደረሰበት ርቀት፣ ቢያንስ ሁለት ማነጻጸሪያ ቦታዎች ያስፈልጋሉ። ጥልቀታቸው ከሚመረመረው ቦታ ጋር የሚመሳሰል፣ የሚለኩበትም ሰዓት የተቀራረበ ይሁን። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ፋይቶፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፀዋት) በላይኛው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያመርት የጠዋትና የከሰዓት ንባብ አንድ አይደለም። ጊዜ ሲያጥር ቡድኖች መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህን ማነጻጸሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ መልስ የሌለው ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

የኒስኪን ጠርሙሱ (ከተፈለገው ጥልቀት ውሃ ቀድቶ የሚዘጋው ዕቃ) መርከቡ ላይ እንደወጣ ከማንኛውም ናሙና በፊት የኦክስጅኑ ይቀዳል። የሲሊኮን ቱቦውን ጫፍ እስከ ብልቃጡ ታች አስገቡ፣ አረፋ እንዳይኖር ቱቦውን ጨምቁት፣ ብልቃጡን በዝግታ ሞልታችሁ ሁለት ሦስት እጥፍ ይዘቱ እስኪፈስ ተዉት። የውሃውን ሙቀት በዚያው ቅጽበት መዝግቡ። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ማንጋኒዝ ክሎራይድና 1 ሚሊ ሊትር አልካላይን አዮዳይድ ጫፉን ከውሃው በታች አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ 20 ጊዜ ያህል በኃይል ገልብጡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ገልብጡ። ቡናማ ዝቃጭ ኦክስጅን መኖሩን፣ ነጭ ዝቃጭ ኦክስጅን አለመኖሩን ወይም ሰልፋይድ መኖሩን ያሳያል። አንገቱን በውሃ ሸፍናችሁ በጨለማ አስቀምጡት።

ሽታ ካለው ውሃ ለሰልፋይድ መለኪያ ሌላ ጠርሙስ፣ ለናይትሬት፣ ለብረትና ለአልካሊኒቲም (ውሃው አሲድን ለመቋቋም ላለው አቅም) የየራሳቸውን ውሰዱ። እነዚህ ከሌሉ በኋላ ምክንያቱን የምትለዩበት ነገር አይኖርም።

ታይትሬሽንና ስሌት

ዝቃጩ ሲተኛ 1 ሚሊ ሊትር አሲድ ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉ። ቢጫው አዮዲን በታዮሰልፌት ይታይተራል፤ ማለትም አዮዲኑ እስኪያልቅ ታዮሰልፌት በጠብታ ይጨመርና የፈጀው መጠን ይለካል። ውሃው የእሳተ ገሞራ አመድ ካለበት መጨረሻውን በቀለም መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በብርሃን የሚያነበው መሣሪያም ይሳሳታል። በኤሌክትሮድ የሚታወቀው መጨረሻ እዚህ የተሻለ ነው። ቡሬቱ (ጠብታውን የሚለካው ቱቦ) አንድ ማይክሮ ሊትር የሚለይ ይሁን።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የብልቃጡ ይዘት 140 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከተጨመረው 2 ሚሊ ሊትር በኋላ የናሙናው ድርሻ 138 ይሆናል። ታዮሰልፌቱ 0.2 ሞላር፣ የጨረሰው 0.620 ሚሊ ሊትር ነው። 0.620 በ0.2 ሲባዛ 0.124 ሚሊሞል፤ ለአራት ሲካፈል 31 ማይክሮሞል ኦክስጅን። ኬሚካሎቹ ራሳቸው ይዘውት የመጡት 0.076 ማይክሮሞል ተቀንሶ 30.92 ይቀራል። ይህ ለ0.138 ሊትር ሲካፈል 224.1 ማይክሮሞል በሊትር፣ ለጥግግቱ 1.025 ሲካፈል ደግሞ 218.6 ማይክሮሞል በኪሎግራም ነው። ውጤቱን በሚሊግራም የሚፈልግ ሰው 1 ሚሊግራም በሊትር 31.25 ማይክሮሞል በሊትር መሆኑን ይያዝ። ዓሣ የሚጨነቅበት ተብሎ የሚጠቀሰው 2 ሚሊግራም በሊትር ስለዚህ 62.5 ማይክሮሞል ነው።

ይህ ዘዴ በእሳተ ገሞራ ውሃ ውስጥ ብቻውን አይታመንም። ሰልፋይድ አዮዲኑን ስለሚበላ ውጤቱ ካለው በታች ይወጣል። የዛገ ብረት ደግሞ በአሲድ ውስጥ ከአዮዳይድ አዮዲን ስለሚያወጣ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል፤ ብረት ሲበዛ በሰልፈሪክ ፈንታ ፎስፎሪክ አሲድ መጠቀም ይረዳል። ሁለቱም አንድ ላይ ካሉ ስሕተቶቹ ተደራርበው "ጥሩ" የሚመስል ቁጥር ይሰጣሉ፣ ይህም ከግልጽ ስሕተት የከፋ ነው።

ስለዚህ ከየንጣፉ አንድ ተጨማሪ ብልቃጥ ውሰዱና ኬሚካሎቹን በተገላቢጦሽ ጨምሩ፦ መጀመሪያ አሲዱ፣ ቀጥሎ አልካላይን አዮዳይዱ፣ መጨረሻ ማንጋኒዙ፣ ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር አዮዴት። በዚህ ቅደም ተከተል ኦክስጅኑ አይለካም፤ የሚለካው የጨመራችሁት አዮዴት ብቻ ነው። ይኸው በተጣራ ውሃ ከተሠራው ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ልዩነት የሌሎቹ ኬሚካሎች ጣልቃ ገብነት ነው። አሲዱ ሰልፋይዱን ወደ ጋዝ ስለሚለውጠው ክዳኑን ሳትከፍቱ ፈጥናችሁ ሥሩ። ሰልፋይዱ ብዙ ከሆነ ግን ይህንን ማስተካከያ ትታችሁ የኦፕቶዱን ንባብ ያዙ።

ጉድለቱን ለየምክንያቱ ማካፈል

ከላይ የተጠቀሰውን 130 እንውሰድ። በማነጻጸሪያው ቦታ በዚያው ጥልቀት 220 ነበር እንበል፤ ጉድለቱ 90 ነው።

ቀዳሚው ጥያቄ ውሃው ከታች ተነሥቷል ወይ የሚለው ነው። መልሱ ናይትሬት ላይ አለ፤ ቅልጥ አለት ናይትሬት አያመጣም፣ የጥልቁ ውሃ ግን ሞልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሃዋይ ኪላዌያ ቅልጥ አለት ወደ ባሕር ሲፈስ የታየው የፋይቶፕላንክተን መስፋፋት ናይትሬቱን ያገኘው ከአለቱ ሳይሆን ከሞቀውና ከተነሣው የጥልቁ ውሃ ነበር። በማነጻጸሪያው ቦታ ናይትሬቱ ሲጨምር ኦክስጅኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ መስመር ሥሩ። ናይትሬቱ በ2 ማይክሮሞል ከጨመረና መስመራችሁ ለዚያ 20 የኦክስጅን ቅናሽ የሚሰጥ ከሆነ፣ 70 ይቀራል።

ቀጥሎ መቀላቀሉ ነው። ከአፉ የሚወጣው ውሃ 200 ዲግሪ፣ የአካባቢው 18 ዲግሪ፣ የሙቀቱ ጭማሪ 3 ዲግሪ ቢሆን የእሳተ ገሞራው ውሃ ድርሻ 3 ለ182፣ ማለትም ከ2 በመቶ በታች ነው። ኦክስጅን የሌለው ውሃ ተቀላቀለ ብሎ የሚቀንሰው ስለዚህ ወደ 4 ማይክሮሞል ብቻ ነው። 66 ቀረ።

አረፋው የወሰደውን ለመለየት አርጎን ለኩ። አርጎን በውሃ ውስጥ የመሟሟት ጠባዩ ከኦክስጅን ጋር እጅግ ይቀራረባል፣ ግን ምንም ነገር አይበላውም። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ አረፋው ወይም መቀላቀሉ ነው። አርጎኑ በቦታው ሆኖ ኦክስጅኑ ብቻ ከወረደ ኬሚካሉ ወይም ሕይወት ያለው ነገር በልቶታል። ጋዝ የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር ሁሉም ቡድን የለውም፤ ያለው ግን ይህን ልኬት መዝለል የለበትም።

በምሳሌአችን አርጎኑ ከመቀላቀሉ በላይ አልቀነሰም ብንል 66ቱ የኬሚካል ነው። ብረቱ በሙሉ 20 ማይክሮሞል ከሆነ የበላው 5 ነው። የቀረውን 61 ለመብላት ወደ 30 ማይክሮሞል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያስፈልጋል። ይህን ከሰልፌት ጭማሪ ለማረጋገጥ አትሞክሩ፤ የባሕር ውሃ በኪሎግራም ወደ 28 ሺህ ማይክሮሞል ሰልፌት ስላለው 30ው በመሣሪያው ስሕተት ውስጥ ይሰወራል። አልካሊኒቲ ይሻላል። የተቃጠለው እያንዳንዱ ሰልፋይድ ሁለት የአሲድ ድርሻ ስለሚለቅ አልካሊኒቲው በ60 ይወርዳል፤ የብረቱም መዝገት በራሱ በኩል ወደ 40 ያወርደዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን አልካሊኒቲን አይነካም። ነገር ግን ትኩስ አመድና አለት ሲሟሟ አልካሊኒቲን መልሶ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ቅናሹ ካልታየ ድኝ የለም ብላችሁ አትደምድሙ።

ፍንዳታው ካቆመ በኋላ

ክፍት ባሕር ላይ ፍሰቱ ውሃውን ስለሚለውጠው ኦክስጅኑ በፍጥነት ይመለሳል። መለካቱ ግን መቆም የለበትም። ከአመዱ የተገኘው ብረትና ከታች የተነሣው ናይትሬት ፋይቶፕላንክተን ያበዛሉ፤ ላይኛው ውሃ በቀን ኦክስጅን ይሞላል፣ የሞተው ነገር ሲሰምጥ ደግሞ ከታች ያለው ይቀንሳል። ይህ ሁለተኛ ጉድለት ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ በጥልቀትም ከመጀመሪያው ይለያል። የሳተላይት ምስል ለዚህ ይረዳል፤ ነገር ግን በውሃው ላይ የተንሳፈፈ አመድ ቀለሙ ክሎሮፊል (የዕፀዋት አረንጓዴ ቀለም) ሊመስል ስለሚችል በናሙና ሳይረጋገጥ አይታመንም።

በቀይ ባሕር ለሚሠሩ

ለአካባቢያችን ቅርብ የሆኑት ፍንዳታዎች በየመን ዙበይር ደሴቶች የተከሰቱት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ ሾላን፣ በ2013 ደግሞ ጃዲድ የተባሉ አዲስ ደሴቶች ከውሃው ወጡ። እዚያ ለሚለካ ሰው ከላይ ያሉት የማነጻጸሪያ ቁጥሮች ይለወጣሉ። ጨዋማነቱ 40 የሆነ ውሃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ኦክስጅን በኪሎግራም ወደ 185 ማይክሮሞል ብቻ ነው። ቀይ ባሕር በመካከለኛ ጥልቀት የራሱ ኦክስጅን ያነሰው ንጣፍ አለው፤ ይህ የእሳተ ገሞራ ሥራ ስላልሆነ የናይትሬቱ ስሌት እዚህ ከየትም በላይ ያስፈልጋል። በባሕሩ መካከል ባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ለምሳሌ በአትላንቲስ 2፣ የተኛው ትኩስ ጨው ውሃም ያለ ፍንዳታ ኦክስጅን የለውም። ከዚያ ናሙና የሚወስድ ሰው በስሌቱ ውስጥ 1.025ን አይጠቀም፤ የዚያ ውሃ ጥግግት ወደ 1.2 ይጠጋል።